የምትሃት ኩባያ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መላው

ኳስን ከአንዱ ኩባያ ስር አጥፍቶ ከሌላው ስር ማውጣት ጥንታዊ ጨዋታ ነው፤ ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ እንኳ በደብዳቤው አንስቶታል። ዛሬ ለዚህ የሚሸጡት ኩባያዎች አብዛኞቹ የመዳብ፣ የናስ ወይም የአሉሚኒየም ናቸው። ገንዘብ ያለው ደግሞ የብር ያሠራል። ችግሩ አንዱን የሚያድን መላ ሌላውን ያጠፋል። ስለዚህ ከመወልወላችሁ በፊት ምን እንደያዛችሁ እወቁ። ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ቢጫው ናስ፣ ነጭና ቀላሉ አሉሚኒየም። ነጭ ሆኖ ከከበደ ግን ጠርዙን እዩ። ኒኬል የተለበጠ ናስ ከሆነ፣ እጅ የበዛበት ቦታ ላይ ቢጫው ብቅ ይላል።

መዳቡ ላይ ፈዛዛ ሮዝ ነጠብጣብ ወጣ

አንዱ ተጠርጣሪ ሎሚ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ከኩባያው ስር ሎሚ ማውጣት የተለመደ ነው። ሎሚው ትንሽ ከተጫረ አሲዱ የመዳቡን ጠቆር ያለ ሽፋን ይበላና ጥሬውን ብረት ያወጣዋል። ወይ ሙሉውን ኩባያ በሎሚና በጨው አሽታችሁ፣ በሳሙና አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት፤ ወይ ተዉት፣ በጊዜው ራሱ ይጠቁራል። እኔ ብሆን እተወዋለሁ፤ ያረጀ መዳብ ያምራል። በነገራችን ላይ፣ በዚህ ኩባያ የሎሚ ጭማቂ አትጠጡ። መዳቡ ወደ መጠጡ ይሟሟል።

ኩባያዎቹ ሲደራረቡ ይጣበቃሉ

የአንዱ አፍ ገባ ብሏል ማለት ነው። ለማረጋገጥ ኩባያውን መስታወት ላይ ድፉትና ከኋላው ባትሪ አብሩ። ብርሃን የሚያሾልክበት ቦታ ጠርዙ የተነሳበት ነው። ጠርዙ ደህና ከሆነ ጎኑን በጣታችሁ ዳብሱ፤ ዓይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል።

መንስኤው መውደቅ ብቻ አይደለም። ጥሩ የመዳብ ኩባያ የሚሠራው ክብ ላሜራ ቶርኖ ላይ እየዞረ ቅርጽ ማውጫ ላይ ሲጫን ነው። መዳብ በተሠራ ቁጥር ይጠነክራል፤ እንዳይሰነጠቅ ደግሞ በመሃል በእሳት ያለሰልሱታል። መጨረሻ ላይ ለስልሶ የቀረ ኩባያ በትንሽ ነገር ይገባል።

መላው በውስጡ ልክ የተቀረጸ እንጨት መክተትና ከውጭ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ነው። ባትላሜራ የሚሠራ ሰው ካወቃችሁ ለእሱ ስጡት። የብረት መዶሻ ላሜራውን ያሳሳውና ይለጥጠዋል፤ ከዚያ ክብነቱ አይመለስም። በእሳት አሙቆ ማቃናትም አይመከርም፤ ኩባያው ሁሉ ይለሰልስና ቀጣዩ መውደቅ ይብሳል።

የብር ኩባያ ቶሎ ቶሎ ይጠቁራል

ኳሶቹን እዩ። ላስቲክ ድኝ አለበት፣ ሱፍም እንዲሁ፤ ድኝና ብር ሲገናኙ ጥቁር ይወጣል። የማብሰያ ፎይል ዕቃ ውስጥ አንጥፉ፤ ኩባያውን ፎይሉን እንዲነካ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ቤኪንግ ሶዳ የተጨመረበት ሙቅ ውኃ አፍስሱበት። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከመጣ እየሠራ ነው፤ ድኙ ብሩን እየለቀቀ ነው። ለጌጥ ሆን ተብሎ የጠቆረ ቅርጽ ካለበት ግን አትንከሩት፣ ጌጡም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በጥጥ ክር የተሸፈነ ኳስ ተጠቀሙ። የምታስቀምጡበትም ከረጢት የጥጥ ይሁን።

ናሱ ሳይወድቅ ተሰነጠቀ

ይህ የቆየ ታሪክ አለው። በቅኝ ግዛት ዘመን ሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር የናስ ቀለሃዎቹ በዝናብ ወራት ይሰነጠቁበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ምክንያቱ በደንብ ተብራራ፦ ሲሠራ በብረቱ ውስጥ የቀረ ውጥረትና አሞኒያ። አሞኒያው የመጣው ከፈረስ ሽንት ነበር። ዛሬ አሞኒያ አንዳንድ የመስታወት ማጽጃና የናስ መወልወያ ውስጥ አለ፤ ጀርባውን አንብቡ። የተሰነጠቀ ኩባያ ለጨዋታ አይመለስም፤ ቢበየድም ጠባሳው ይታያል። አዲስ ስትገዙ ሠሪውን ጠይቁ፦ ከተሠራ በኋላ ውጥረቱ በሙቀት ወጥቶለታል ወይ?

አሉሚኒየሙ ጣት ያጠቁራል፣ ይጮኻል

ጥቁሩ ከላዩ የሚፋቅ ብናኝ ነው፤ አኖዳይዝ የተደረገ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ጠንካራ የኦክሳይድ ሽፋን የወጣለት ግዙ። የሚጮኸው ስስና ቀላል ስለሆነ ነው፦ የመዳብ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 8.96 ግራም ሲሆን የእሱ 2.7 ነው። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ። በበረኪና ግን አትንኩት፤ ይበሳሳል።