ከጎንደር ሆኖ ለዓለም አቀፍ የአንጎል ጤና ፌሎሺፕ ማመልከት

ጎንደር ውስጥ አንድ አዛውንት የቤታቸው መንገድ ሲጠፋቸው ወይም የልጆቻቸውን ስም ሲያምታቱ ሰው «ጃጁ» ብሎ ያልፋል። ሕመም ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው፤ ጠርጥሮ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳቸው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ይህን ለመለወጥ ለሚሻ ባለሙያ ከተከፈቱት በሮች ሰፊው የግሎባል ብሬን ሄልዝ ኢንስቲትዩት የአትላንቲክ ፌሎሺፕ ነው። ኢንስቲትዩቱ በ2015 እ.ኤ.አ. አትላንቲክ ፊላንትሮፒስ በተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ተቋቋመ፤ መቀመጫዎቹም የደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅና ሳንፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ሥልጠናው 12 ወር ነው። ሐኪም መሆን ግዴታ አይደለም፤ ነርስ፣ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ የሕግ ሰው፣ ጋዜጠኛ፣ ሠዓሊም ይቀበላሉ።

መጀመሪያ አንድ ቃል እንለይ። «የአእምሮ ጤና» ሲባል እኛ ዘንድ የሚታሰበው ድባቴና ጭንቀት ነው። እዚህ የሚፈለገው የአንጎል ጤና ነው፦ አልዛይመርና ሌሎች የመርሳት ሕመሞች፣ ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ የማሰብ ድክመት፣ መከላከያቸውና የአስታማሚዎች ድካም። ሁለቱን የቀላቀለ ማመልከቻ ርዕሱን እንዳልተረዳ ይቆጠራል። ድባቴ እዚህ የሚገባው ለመርሳት ሕመም ከሚያጋልጡት አንዱ ሆኖ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝሯል፤ የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ የትምህርት ማነስ፣ ብቸኝነት ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ሁሉንም ለመንካት አይሞክሩ። አንዱን ይያዙ።

የማመልከቻው ልብ የሥራ ሐሳብዎ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው። «በኢትዮጵያ ስለ መርሳት ሕመም ያለው ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው፤ ይህን መቀየር እፈልጋለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም ማንም ሊጽፈው ይችላል። ይልቅ እንዲህ ይበሉ፦ አዘዞ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ለደም ግፊት ክትትል ከሚመጡ ሰዎች መካከል ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ 120ዎቹ የማስታወስ ምርመራ ይደረግላቸዋል። ቀጥሎ ሒሳቡን ያሳዩ። ለአንድ ሰው 15 ደቂቃ ቢፈጅ፣ አንዲት ነርስ ከመደበኛ ሥራዋ ጎን ለጎን በቀን 8 ሰው ብትመረምር፣ 15 የሥራ ቀን ይወስዳል። ችግር የተገኘባቸው ወዴት ይላካሉ? ይህን ያልመለሰ ሐሳብ ሰውን አስደንግጦ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ስለዚህ ሊታከሙ የሚችሉ መንስኤዎች፣ ማለትም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድባቴ፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች፣ በቅድሚያ የት እንደሚታዩ ይጻፉ።

መለኪያውንም ይጠንቀቁበት። በብዛት የሚታወቀው ሚኒ ሜንታል የሚባለው ምርመራ ከ30 ነጥብ ይታረማል። ከዚህ ውስጥ ከ100 ጀምሮ 7 እየቀነሱ መቁጠር 5፣ ማንበብ 1፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍ 1፣ ሥዕል መገልበጥ 1 ይይዛሉ። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ማስታወሳቸው ፍጹም ጤነኛ ቢሆን እንኳ 8 ነጥብ አጥተው 22 ሊያገኙ ይችላሉ፤ ብዙዎች ደግሞ ከ24 በታች ያለውን ችግር ይሉታል። ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር መጠየቅ ስሕተት ነው፤ ብዙ አዛውንቶቻችን ቀን የሚይዙት በሚካኤል፣ በጊዮርጊስ፣ በማርያም ነው። ታንዛኒያ ውስጥ ሃይ ወረዳ ላይ ላልተማሩ አዛውንቶች የተዘጋጀው አይዲያ (IDEA) የተባለው አጭር መመርመሪያ ለዚህ ይቀርባል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን መጀመሪያ በጥቂት ሰዎች ላይ መሞከር አለበት። ይህን አንድ አንቀጽ ማመልከቻው ውስጥ ማስገባት ሥራውን ከሥር እንደሚያውቁት ያሳያል።

በእጅዎ ያለውንም አይርሱ። ከጎንደር ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ዳባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት የሕዝብና የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ቦታ ነው። ዕድርና ሰንበቴ ደግሞ የየቤቱን አዛውንት በስም ያውቃሉ። ማንን በየት በኩል እንደሚያገኙ ሲጽፉ እነዚህን ያንሱ።

የምስክርነት ደብዳቤ የሚጽፉልዎን ሰዎች ቢያንስ አምስት ሳምንት ቀድመው ይጠይቁ። «ታታሪና ትሁት ነው» የሚል ደብዳቤ ምንም አይጠቅምም። ከእነሱ ጋር የሠሩትን ሦስት ሥራ፣ ቀኑንና ውጤቱን በአንድ ገጽ ጽፈው ይስጧቸው። ደብዳቤውን በቀጥታ የሚልኩት እነሱ ከሆኑ የግብዣው ኢሜይል አላስፈላጊ መልእክት ውስጥ ወድቆ ሊቀር ስለሚችል ደውለው ያረጋግጡ።

ቀንና ስም ብዙ ሰው ያስቀራሉ። የማመልከቻው መዝጊያ ለምሳሌ ኦክቶበር 15 ቢሆን የእኛ ጥቅምት 5 ነው፤ ጳጉሜ 6 በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት ደግሞ ጥቅምት 4። ጥቅምት 15 ብሎ የያዘ ሰው 10 ወይም 11 ቀን ዘግይቶ ይደርሳል። መዝጊያው በሳንፍራንሲስኮ ሰዓት 11:59 PM (እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው) ቢሆን፣ በኦክቶበር ለጎንደር በእኛ ሰዓት አቆጣጠር በማግሥቱ ጠዋት 3:59 ነው፤ አሜሪካ በኖቬምበር መጀመሪያ ሰዓቷን ከቀየረች በኋላ 4:59 ይሆናል። የጥሪው ቀን በየዓመቱ ስለሚለያይ ከራሱ ድረ ገጽ ያረጋግጡ፤ መብራትም ኔትወርክም ሊጠፋ ይችላልና ሁለት ቀን ቀድመው ይላኩ። ስምዎ በፓስፖርት፣ በዲግሪና በትራንስክሪፕት ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉን ይመልከቱ። ልዩነት ካለ ሬጅስትራር ሄደው ማስተካከያ ደብዳቤ ይያዙ፤ ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ቅጹ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ፓስፖርቱ የሚለውን ይከተሉ።

ለቃለ መጠይቁ ሥራዎን በሁለት ደቂቃ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ይለማመዱ፤ ስልክዎን ቻርጅ አድርገው የሞባይል ዳታ በተጠባባቂነት ያዘጋጁ።

መሥሪያ ቤትዎን አስቀድመው ያነጋግሩ። የአንድ ዓመት ፈቃድ ብዙ ጊዜ ዋስ ያለበት ውል ያስፈርማል፤ ተመልሰው ስንት ዓመት እንደሚያገለግሉ፣ ደመወዝዎ ይቀጥል እንደሆነ፣ ሲመለሱ የጀመሩትን ፕሮጀክት በየትኛው ክፍል እንደሚሠሩ በጽሑፍ ይጠይቁ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ ተመልሶም ከመርሳት ሕመም ጋር የማይገናኝ ሥራ ላይ ይመደባል።