በረዶ ላይ ሄሊኮፕተር ሲያሳርፉ የሚሠሩ ስህተቶች

ለአዳዲስ አብራሪዎች ደጋግሜ የምናገረው፣ ደጋግሜም የማየው ስህተት ይኼ ነው። ደረቅ ሜዳ ላይ እንደለመዱት መጥተው ዝቅ ብለው አየር ላይ ይቆማሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ሊወርዱ ይሞክራሉ። እባካችሁ፣ ልል በረዶ ላይ ይህን ተዉት! የሮተሩ (ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍ) ነፋስ በረዶውን ያስነሳዋል። የተነሳው በረዶ ዞሮ ከላይ ይመለሳል፣ እንደገና ወደ ታች ይገፋል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሁሉም ነገር ነጭ ይሆናል። አድማስ የለም፣ መሬት አይታይም። አብራሪው ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ ሲል ሄሊኮፕተሩ ወደ ጎን እየሄደ ነው። አንዱን ስኪድ (ሄሊኮፕተሩ የሚያርፍበትን ረጅም የብረት እግር) በረዶ የሸፈነው ድንጋይ ወይም የጠጠረ በረዶ ከያዘው እዚያው ላይ ይገለበጣል። ደንግጦ ኮሌክቲቩን (ሄሊኮፕተሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን መቆጣጠሪያ ዘንግ) ወደ ላይ መሳብ ደግሞ መገልበጡን ያፋጥነዋል። ገና ማዘንበል ሲጀምር ኮሌክቲቩን በእርጋታ ዝቅ ማድረግ ነው የሚያድነው።

ትክክለኛው መንገድ ሳይቆሙ በአንድ ወጥ አወራረድ መጥቶ መሬት መንካት ነው፤ የበረዶው ደመና ከኋላ ሳይቀድማችሁ። በቂ ጉልበት ካለ ከፍ ብሎ ቆሞ ልሉን በረዶ አስቀድሞ ማስበተንም ይቻላል። የምታዩት ምልክት ከጠፋ ግን አትጠብቁ፣ ተነሱ። ይህን ውሳኔ ከመውረዳችሁ በፊት ጨርሱት።

ምልክት ሳይመርጡ መውረድ ሌላው ነው። ቅርብ ያለ፣ ነፋስ የማያነሳው ነገር ይሁን፦ ድንጋይ፣ ቁጥቋጦ፣ የዛፍ ግንድ።

ደመናማ ቀን በረዶ ላይ ጥላ የለም። ስለዚህ ዓይን ከፍታን መለካት ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 አላስካ ውስጥ ጁኖ አቅራቢያ አንድ ሄሊኮፕተር የበረዶ ሜዳ ላይ ወደቀ። እሱን ሊፈልጉ የሄዱ ሁለት ሄሊኮፕተሮችም በዚያው ቀን እዚያው ወደቁ። ፈላጊዎቹ አደጋ መኖሩን እያወቁ ነበር የሄዱት፤ ማወቅ ብቻውን ለዓይን አልጠቀመም። ብርሃኑ እንዲህ ከሆነ አትሂዱ።

ስኪዱ ነካ ብሎ ወዲያው ጉልበት መቀነስም ያስቀጣል። በረዶው ከአንድ ወገን ሊሰምጥ ይችላል፣ የጭራው ሮተርም በረዶ ሊነካ ይችላል። በጥቂቱ እየቀነሳችሁ መያዙን ፈትኑ።

ተሳፋሪዎችን አትርሱ። ሄሊኮፕተሩ በሰመጠ ቁጥር ሮተሩ ለሰው ጭንቅላት ይቀርባል። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ በቁልቁለቱ በኩል ይውጡ፤ የበረዶ መንሸራተቻቸውንም አግድም ይያዙ፣ በፍጹም ወደ ላይ አያቁሙት።