ለኬጂ አስተማሪዎች፦ የሙዝ ልጣጭና የፌስታል ሙከራ

የ4 ዓመት ልጅ "አካባቢያችንን እንጠብቅ" ብትሉት አብሯችሁ ይዘምራል እንጂ አይገባውም፣ ወጥቶ የብስኩቱን ላስቲክ ግቢው ውስጥ ይጥለዋል። በዓይኑ ይየው። የ2 ሊትር ሃይላንድ አናቱን ቁረጡና ከስሩ ሁለት ሶስት ቦታ ብሱት፣ የአትክልት ቦታ አፈር ሙሉበት (አሸዋ አይሆንም)፣ ከዛ በአንድ በኩል የተቆራረጠ የሙዝ ልጣጭ በሌላው በኩል የፌስታል ቁራጭ ከፕላስቲኩ ጋር አስጠግታችሁ ቅበሩ፣ ከውጪ እንዲታይ ማለቴ ነው። አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ ጭቃ ግን አይሁን፣ አፉንም አትክደኑት አየር ይፈልጋል።

ሰኞ ሰኞ ልጆቹ ያዩትን ይሳሉ። ልጣጩ ይጠቁራል፣ ይሻግታል፣ ከሳምንታት በኋላ ከአፈሩ መለየት ያቅታል፣ ፌስታሉ ግን እንደተቀበረ ቁጭ ነው። አፈር ውስጥ ያሉት ባክቴሪያና ፈንገሶች ልጣጩን ይበሉታል፣ ፕላስቲኩን አይችሉትም። ለልጆቹ "አፈሩ ሙዙን በላው፣ ፌስታሉን እምቢ አለ" በሏቸው፣ ይበቃል። ደግሞ ቤት ሄደው እናታቸውን ማስቸገራቸው አይቀርም፣ እሱ ነው የሚፈለገው።

ስጋ፣ እንቁላል፣ ወጥ የነካው እንጀራ እንዳትጨምሩ፣ ይሸታል ዝንብም ይሰበስባል። አፈር ከነኩ በሳሙና ይታጠቡ። አስም ያለበት ልጅ ካለ ሻጋታው ስለማይመቸው ክፍል ውስጥ ሳይሆን በረንዳ ላይ አድርጉት። እና ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አትጀምሩት፣ መጨረሻውን ሳያዩት ይቀራሉ።