ጥሩር ብቻችሁን ለመልበስ

ለቴአትርም ሆነ ለፎቶ ከስፖንጅ የተሠራ ሙሉ ጥሩር (የድሮ ጦረኛ መከላከያ ልብስ) የምትለብሱ፣ “እስቲ ከኋላ እሰርልኝ” የምትሉት ሰው ካጣችሁ ይቺን ሞክሯት። ከእግር ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎ ቅልጥም፣ ጭን፣ ከዚያ ደረት። ደረቱን ካስቀደማችሁ ማጎንበስ የለም፣ የጫማ ክር ከተፈታ አለቀ። የድሮ አውሮፓ ፈረሰኞች እንኳ አልባሽ አሽከር እያላቸው ከእግር ነበር የሚጀምሩት።

ዋናው ዘዴ ግን ደረትና ጀርባው ላይ ነው። ሁለቱን በትከሻና በቀኝ ጎን በሰፊ የሱሪ ላስቲክ አያይዟቸው። እንደ ሹራብ በራስ ታጠልቁትና ግራ ጎኑን ብቻ በቬልክሮ (ተጭኖ በሚጣበቅ፣ ተስቦ በሚላቀቅ ማሰሪያ) ትዘጋላችሁ። ቀኝ እጅ ሆድ ላይ ተሻግሮ ግራ ጎን በቀላሉ ይደርሳል፣ እያያችሁትም ነው የምትዘጉት። ላስቲኩ ደግሞ ትከሻ ለማሳለፍ ይሳባል፣ ስትተነፍሱም አያፍንም። ቬልክሮው ጫፍ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀለበት ካሰፋችሁበት ሳታዩ እንኳ ታገኙታላችሁ። ግራኝ ከሆናችሁ ጎኑን ገልብጡት።

ጓንት የመጨረሻ ይሁን፣ ከራስ ቁሩም በኋላ። በዚያ ወፍራም ጣት የአገጭ ማሰሪያ መቆለፍ ዘበት ነው።

እውነተኛ ብረት ከሆነ ግን ይሄ አይሠራም፣ ሙሉው 20 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ላስቲክ አይችለውም፤ ቆዳ ቀበቶና ረዳት ሰው ይፈልጋል። በአዳማ የቀትር ሙቀትም ስፖንጁን ለብሳችሁ አትቆዩ፣ አየር የሚባል አያስገባም። ከውስጥ ስስ የጥጥ ካናቴራ፣ ቀደም ብሎ ውሃ። ሽንት ቤትም ቀድማችሁ ግቡ፣ በኋላ ጣጣ ነው።