በደሴ ብርድ የገናን ጾም በጤና መጾም

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ደሴ ላይ ይህ ዋናው የብርድ ወቅት ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር ያለችው ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ ሌሊቱና ማለዳው ያንዘፈዝፋል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ሰው ግን ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል። በዚህ ወቅት «ጾሙ ጎዳኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። በእኔ እምነት የሚጎዳን አዋዋላችንና አፈታታችን ነው፤ ሥርዓቱን በቅጡ ለያዘ ሰው ጾሙ ለሥጋም ይመቻል።

መጀመሪያ የንስሐ አባትዎንና ሐኪምዎን ያማክሩ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም በራሳቸው ውሳኔ ሰዓት ማራዘም የለባቸውም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ትራራለች፤ ካህኑን መጠየቅ አያሳፍርም።

ቀጥሎ ማዕዱን ያስተካክሉ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሲቀሩ ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ ተጠበሰ ድንች፣ ፓስታና ብስኩት ነው። ጾም ናቸው፤ ጉልበት ግን አያቆዩም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲፈቱ ሽሮ፣ ምስር ወይም ባቄላ ከእንጀራ ጋር ይኑር፤ ጎመንና ሰላጣ አይለይ። ሰላጣው ላይ ሎሚ ይጭመቁበት፤ ሎሚው ሰውነት ከእህሉ የሚያገኘውን ብረት በደንብ እንዲወስድ ይረዳዋል። ቡናና ሻይ ደግሞ ይህንኑ ስለሚከለክሉ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ያርቋቸው። ይህ በደሴ ቤት ከባድ ምክር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለሴቶች ልጆቻችን ስንል እንልመደው። ብርዱ የውኃ ጥምን ስለሚደብቅ ማታ ማታ ውኃ መጠጣት አይርሱ። ሱፍና ተልባም ከቤት አይጥፉ።

አሁን ወደ ስግደት። ሰውነትን ለማንቀሳቀስ ከዚህ የተሻለ ነገር ፍለጋ የሚደክም ምእመን ያሳዝነኛል። ሳይበሉ፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት፣ ወለሉ እንዳይቀዘቅዝዎት ሰሌን አንጥፈው ወደ ምሥራቅ ይቁሙ። ያማትቡ። መዳፍዎን መሬት ላይ አሳርፈው ጉልበትዎን ቀስ ብለው ያስከትሉ፤ ግንባርዎ መሬት ይንካ። ሲነሡ በመዳፍዎና በጭንዎ ኃይል ይነሡ፤ ወገብዎን አጉብጠው በጥድፊያ አይቃኑ። በእያንዳንዱ ስግደት «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይበሉ፤ ቃሉን ሳይቆርጡ ማለት ካቃተዎት ፈጥነዋልና ዝግ ይበሉ። በጥቂት ጀምረው በየሳምንቱ ይጨምሩ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው አስተብርኮ፣ ማለትም መንበርከክ፣ ወይም አድንኖ፣ ማለትም ራስን ዝቅ ማድረግ፣ አለለት። ቅዳሜና እሑድ፣ በጌታ በዓላትም አይሰገድም፤ እነዚያን ቀናት በእግርዎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይውጡ። የደሴ ዳገት ልብን በደንብ ያሠራል፤ ሲያለከልኩ ቆም ብለው ትንፋሽ ይሰብስቡ።

ስለ ከሰል ጠንከር አድርጌ እናገራለሁ። ብርዱ ሲበረታ ምድጃውን መኝታ ክፍል አስገብቶ በር መዝጋት ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳያውቀው ይሞታል። ፍሙ አመድ ለብሶም ቢሆን አያስገቡት። ደራርበው ይልበሱ፣ ካልሲ አድርገው ይተኙ።

የገና ሌሊት ማስቀደስ ረጅም መቆም ነው። ሹራብና ጋቢ ይደርቡ፤ መቋሚያ ካለዎት ይደገፉ፤ ክብደትዎን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወሩ ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ። ንጋት ላይ ቤት ሲደርሱ በቀጥታ ዶሮ ወጡ ላይ አይረፉ። ሞቅ ያለ ተልባ ወይም አጥሚት ይቅደም፤ ትንሽ ቆይቶ ጥቂት ወጥ ከአንድ እንቁላል ጋር ይበቃል። ለሳምንታት ቅቤ ያልለመደ ሆድ በአንድ ጊዜ ሲሞላ ቀኑን በአልጋ ላይ ያሳልፋል። ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያመጣልና አብስለው ይብሉ። ወሎ ነውና ሙስሊም ጎረቤትም ለእንኳን አደረሳችሁ ይመጣል፤ ከእርሱ ጋር ቡና እየጠጡ ሲጫወቱ ሆድም ፋታ ያገኛል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እንጀራን ለተራበ መቁረስን ከጾም ጋር ያያይዘዋል፤ ስለዚህ ከወጡ ላይ ለነዳያን የሚሆነውን ገበታ ሳይቀርብ ቀንሰው ያስቀምጡ።

ከገና በኋላ እንቅስቃሴውን አያቋርጡ፤ ጥር 10 የጥምቀት ዋዜማ ከተራ አለ። ዕለቱ ገሃድ፣ ማለትም የጾም ቀን፣ ስለሆነ ታቦቱን የሚያጅቡት ጾመው ነው፤ ቀኑ ደግሞ ፀሐያማ ሊሆን ይችላል። ከከተራ በፊት ባለው ምሽት ውኃ ጠጥተው ይደሩ፣ እግርዎ የለመደውን ጫማ ያድርጉ፣ ነጠላዎን ወይም ጥላ ከራስዎ በላይ ይያዙ። አረጋውያንና ሕፃናት ከያዙ ታቦቱ የሚያርፍበት ስፍራ ቀድመው ሄደው ቢጠብቁ ይሻላል።