አሮጌው ሞተር ቸርችል ዳገት ላይ ሲታፈን

ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው የድሮ ሞተር ሳይክል ያላችሁ፣ ለገሃር ላይ ደህና ተነስቶ ማዘጋጃ ቤት ሳይደርስ ከታፈነና ማርሚታው ጥቁር ጭስ ከተፋ፣ ካንዴላ (እሳት የሚጭረውን) ለመግዛት አትሩጡ።

የካርቡራተሩን ክዳን ከፍታችሁ በጋዝ ገመዱ የሚሳበውን መርፌ አውጡ። አናቱ ላይ ጥቃቅን እርከኖችና አንዲት ቀለበት አሉ። ቀለበቷን አንድ እርከን ወደ ላይ አድርጓት። መርፌው ዝቅ ይላል፣ ቤንዚኑም ይቀንሳል። ከሥር ጨርቅ አንጥፉ፤ ቀለበቷ ከተፈናጠረች አለቀላችሁ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች። የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡራተሩ ይህን አያውቅም፤ አየሩ ቢሳሳም የለመደውን ቤንዚን ያፈሳል።

መመርመሪያው የተወዳዳሪዎች ዘዴ ነው። እሑድ ማለዳ መንገዱ ጭር ሲል ዳገቱን በግማሽ ጋዝ ውጡ። ፍሪሲዮን ይዛችሁ ወዲያው አጥፉትና ጥግ ቁሙ። ያለ ጋዝ፣ በሚኒሞ እየሠራ ከቆየ ካንዴላው የሚያሳየው የሚኒሞውን ነው። ሲበርድ ካንዴላውን ፍቱት። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ጨርሳችኋል። ጥላሸት ከሆነ ቀለበቷን ወደ ላይ አንድ እርከን ጨምሩ፤ ከነጣ አንድ እርከን ወደ ታች መልሷት።

መርፌው እርከን ከሌለው ይህ አይሠራም። ወደ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ስትወርዱ ግን ቀለበቷን ወደ ቦታዋ መልሱ። ሞተራችሁን ጭናችሁ አሰን፣ ኔዘርላንድስ፣ የድሮ ሞተሮች ውድድር ላይ በአማተርነት ልትሰለፉ ከሆነማ የግድ ነው። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፤ ቤንዚን ካነሰው ፒስተኑ ግሎ ይጣበቃል።