ለቤትዎ የሚስማማ የውኃ ማጣሪያ እንዴት እንደሚመረጥ

የውኃ ማጣሪያ ለመግዛት የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን «በምጠጣው ውኃ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል፤ አንዱ ማጣሪያ የሚያስቀረውን ሌላው ሳይነካው ያሳልፈዋልና።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ውኃውን ከማወቅ ነው። ውኃዎ በቧንቧ የሚመጣ ከሆነ አቅራቢው ተቋም የጥራት ምርመራ ውጤቱን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ከጉድጓድ ወይም ከምንጭ የሚቀዳ ከሆነ ደግሞ ናሙና ወስደው በላቦራቶሪ ያስመርምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መመሪያ መሠረት በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ጨርሶ መገኘት የለበትም፤ በአንድ ሊትር ውስጥም ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊ ግራም፣ ናይትሬት ከ50 ሚሊ ግራም፣ አርሴኒክ ደግሞ ከ0.01 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። እነዚህ ሦስት ንጥረ ነገሮች በዓይንም ሆነ በማሽተት አይለዩም። ማፍላትም አያስወግዳቸውም፤ እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲሄድ በቀረው ውስጥ ይበልጥ ይጠራቀማሉ። ውኃ ውስጥ ሲነከር ቁጥር የሚያሳየው ትንሽ የእጅ መለኪያ የሚገምተው በውኃው ውስጥ የሟሙትን ጨዎች ድምር ብቻ ስለሆነ፣ ስለ ጀርምም ሆነ ስለ አርሴኒክ የሚነግርዎ ነገር የለም፤ ሻጭ ይህን ቁጥር እንደ ማስረጃ ቢያቀርብልዎ አይቀበሉት።

ቀጥሎ ያገኙትን ችግር ከማጣሪያው ዓይነት ጋር ያዛምዱ። ችግሩ ጀርም ከሆነ ቀዳዳው ከግማሽ ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የማይበልጥ በደንብ የተሠራ የሴራሚክ ማጣሪያ ባክቴሪያዎችንና እንደ ጃርዲያ ያሉትን ጥገኛ ተሕዋስያን ያስቀራል። በውኃ የሚተላለፉት ቫይረሶች ግን ከዚህ እጅግ ስለሚያንሱ ሊያልፉ ይችላሉ። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ወደ ውኃው ሊገባ ይችላል የሚል ሥጋት ካለዎት የተጣራውን ውኃ በክሎሪን ማከም ወይም ማፍላት ግድ ይላል። በአልትራቫዮሌት ጨረር የሚሠራው መሣሪያ ቫይረሶችንም ያመክናል፤ ሆኖም ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ድፍርስ ውኃ ላይም ጨረሩ በደለሉ ስለሚጋረድ አስቀድሞ ውኃውን ማጥራት ያስፈልጋል።

በከሰል የሚሠራው ማጣሪያ የክሎሪንን ጣዕምና ሽታ ለማስወገድ እጅግ ጥሩ ነው፤ ፍሎራይድና ናይትሬትን ግን አያስቀርም፤ በወቅቱ ካልተቀየረም ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የውኃው ጣዕም ስላማረ ብቻ ንጹሕ ሆኗል ብሎ ያምናል።

ፍሎራይድ፣ አርሴኒክ፣ ናይትሬት ወይም ጨዋማነት ከገደብ በላይ ከተገኘ ሁሉንም በአንድነት የሚቀንሰው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የተባለው፣ ውኃውን በግፊት እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን የሚያሳልፈው ማጣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ በቂ የውኃ ግፊት ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ይፈልጋል፤ ከሚገባው ውኃም ከፊሉን ይደፋል፤ በአንዳንዶቹ የሚደፋው ከተጣራው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ችግሩ ፍሎራይድ ብቻ ከሆነ በአጥንት ከሰል የሚሠራ ማጣሪያ ያለ ኤሌክትሪክ ሊያገለግል ይችላል።

ከዚያ መጠኑን ያስሉ። አንድ ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ቢፈልግ፣ አምስት ሰው ያለበት ቤት ምግብ ማብሰያውን ሳይጨምር እስከ 15 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው፤ ጠብ እያለ የሚያጣራው የሴራሚክ ዓይነት ደግሞ በሰዓት የሚሰጠው ጥቂት ሊትር ብቻ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ተቀያሪው ፊልተር ስንት ሊትር እንደሚያጣራ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነና ሁልጊዜ የሚገኝ መሆኑን ያረጋግጡ። በዕቃው ላይ የሰፈረውን የምስክር ወረቀትም በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ለምሳሌ ኤንኤስኤፍ የተባለው የአሜሪካ ደረጃ አውጪ ድርጅት 42 ብሎ የሰየመው ደረጃ ጣዕምን፣ ሽታንና ክሎሪንን የሚመለከት ሲሆን፣ ጤናን የሚጎዱ ንጥረ ነገሮችን ስለ መቀነስ የሚናገረው 53 ነው።

ማጣሪያው ተገጥሞ ሥራ ከጀመረ በኋላ የተጣራውን ውኃ እንደገና በላቦራቶሪ ያስመርምሩ፤ ክዳንና ቧንቧ ባለው ንጹሕ ዕቃም ያስቀምጡት፤ በኩባያ እየተጠለቀ የሚቀዳ ውኃ ከተጣራ በኋላ ተመልሶ ሊበከል ይችላልና።